ፎርጂ ገባ አትበሉን፤ ከጀርባው ስንት ሜጋ እንዳለ ንገሩን

ፎርጂ የገባላቸው ከተሞች ቁጥር በተነገረ ማግስት ተከትላ የምትመጣ አንዲት አባባል አለች። ሰሞኑንም አልቀረችም፦ «ኔትወርኩማ አለ፤ ገጠሩ ነው የማይፈልገው።» ይህን የሚል ሰው ቦረና ውስጥ ቴልተሌ ተቀምጦ አንድ ፎርም ኦንላይን ለመሙላት ሞክሮ አያውቅም።

ፍላጎት የለም? ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያስገደደው መንግሥት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በከፊል ኦንላይን ያደረገውም፣ ለፋይዳ መታወቂያ ተመዝገቡ የሚለውም እሱው ነው። ሰውን በመመሪያ ወደ ኢንተርኔት ከነዱ በኋላ «አይፈልግም» ማለት ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

ስልክ ላይ የምትታየው የፎርጂ ምልክት የምትናገረው ስልኩና ማማው መገናኘታቸውን ብቻ ነው። ማማው ራሱ ከዋናው መስመር ጋር በምን ተያያዘ? ቦረናን በመሰለ ሰፊ ቆላ ፋይበሩ በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ትራንስሚሽኑ፣ ማለትም ማማውን ከዋናው መስመር የሚያገናኘው፣ ማይክሮዌቭ የሚባል በአየር የሚላክ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ 30 እና 40 ኪሎ ሜትር እየተቀባበለ ይሄዳል። የሞገዱ መተላለፊያ ስፋት 28 ሜጋኸርዝ የሆነ ቻናል አየሩ ሲመች ቢያሳልፍ በሰከንድ 200 ሜጋቢት አካባቢ ነው። አራት ማማዎች በዚህ አንድ መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል እንበል። እያንዳንዱ ሦስት ሴክተር፣ ማለትም በሦስት አቅጣጫ የሚያሠራጭ አንቴና፣ አለው፤ አንዱ ሴክተር በ20 ሜጋኸርዝ እስከ 150 ሜጋቢት ይደርሳል። አሥራ ሁለቱ ሲደመሩ 1,800፤ መውጫው 200። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣሪያቸውን እንደማይነኩ እናውቃለን። ነገር ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ገጹ የማይከፈተው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሰው ስለማይጠቀም አይደለም። ስለሚጠቀም ነው! ቻናሉን ወደ 56 ሜጋኸርዝ ማስፋት አቅሙን እጥፍ ያደርገዋል፤ በሁለት ፖላራይዜሽን፣ ማለትም በዚያው ቻናል ቋሚና አግድም ሞገድ አንድ ላይ፣ መላክ ደግሞ ሌላ እጥፍ ይጨምራል። አዲስ ማማ መትከል አያስፈልግም። ግን ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ ስላልሆነ ማንም አይቸኩልለትም።

የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ማማ ሲጠፋ ደግሞ ከኋላው ያሉት ሦስቱም ይጠፋሉ። የሚጠፋውም በናፍጣ ጣጣ ነው። መብራት በሌለበት ሳይት፣ ማለትም ማማው በተተከለበት ቦታ፣ ጀነሬተሩ በሰዓት ሁለት ሊትር ቢፈጅ በወር 1,440 ሊትር፣ ማለትም ከሰባት በርሜል በላይ ይሆናል። ዘይትና ፊልትሮው በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል ከተባለ፣ ሌት ተቀን ለሚሠራ ሞተር ይህ በየአሥር ቀኑ ነው። ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው አሥሩ ቀን ሃያ ይሆናል። ጀነሬተሩ በቆመ ቁጥር ባትሪው እስከ ታች ስለሚወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ያኔ ጀነሬተሩ እንደቆመ ሳይቱም ይቆማል። ናፍጣ በሞባይል ክፍያ ይቀዳል፣ ክፍያው ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ኔትወርኩ ናፍጣ ይፈልጋል። ይህን ወረፋ ማን እንደነደፈው እንጃ። ፀሐይ በሞላበት ቆላ ሳይቶቹን በሶላር ማዳቀል እስካሁን የቅንጦት ያህል መታየቱም ይገርማል።

በቦረና ሰማይ ላይ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ያልፋል። ዳይሬክት ከረንት፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ በመሆኑ ከመሐል ጠልፎ ለመንደር መብራት በቀላሉ ማውረድ እንደማይቻል ይገባናል። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት መስመሮች አናት ላይ የሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ሆዱ ውስጥ ፋይበር ይይዛል፤ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የሚቀጠልበት ሳጥንም ምሰሶው ላይ አለ። ከዚያ ሁለት የፋይበር ክር አውርዶ አቅራቢያ ካለ ማማ ጋር ማያያዝን ቴክኖሎጂው አይከለክልም። የሚከለክለው ማን ያውርደው፣ ሲበጠስ ማን ይጠግነው፣ መስመሩ ለሥራው ለሚቆምበት ሰዓት ማን ይክፈል የሚለው የመሥሪያ ቤቶች ንትርክ ነው። እስኪ ገበሬው በዚህ ውስጥ ፍላጎት ማጣቱ የቱ ጋ ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የከተሞችን ብዛት መቀበሉን ትቶ፣ ከሁለቱም ኦፕሬተሮች በየሳይቱ ሁለት ቁጥር ይጠይቅ፦ የትራንስሚሽን አቅሙ ስንት ሜጋ ነው፣ በወር ስንት ሰዓት ጠፋ። ጠይቆም ለሕዝብ ያውጣው። ቁጥሮቹ በኦፕሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ክፍል ስክሪን ላይ ቀንም ሌሊትም ይታያሉ፤ የጎደለው አውጡ የሚል አንድ ደብዳቤ ነው።