ቦው ላይ የተጠየቁት ወንዶች ብቻ ነበሩ

ሰሞኑን በአንድ የዩቲዩብ ውይይት ላይ የሰማሁት ነገር ከነከነኝ። ፖለቲከኛ ለአቋሙ ሲል ወንበሩን መልቀቅ አለበት ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ተንታኙ ጆርጅ ላንስበሪን ምሳሌ አድርጎ አመጣ። ሰውየው በ1912 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለሴቶች የመምረጥ መብት ብሎ ከብሪታንያ ፓርላማ ወጣ፣ በገዛ ፈቃዱ የማሟያ ምርጫ አስጠራ፣ ሕዝቡም አልፈልግም አለው፤ የሕዝብ ፍርድ ማለት ይሄ ነው አለ። ላንስበሪንም ሞኝ ብሎት አለፈ። አወያዩ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

እኔ ልጠይቅ። የትኛው ሕዝብ ነው የፈረደው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1912 በምሥራቅ ለንደን፣ ቦው እና ብሮምሊ በሚባለው የምርጫ ክልል፣ የወግ አጥባቂው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ እጩ ሬጂናልድ ብሌር 4,042 ድምፅ አገኘ። ላንስበሪ 3,291። ልዩነቱ 751 ነው። ሁለቱን ስትደምሩ 7,333 ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም። አንዲትም! ወንዱም ቢሆን ሁሉም አይደለም። በዚያ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ከአሥር አዋቂ ወንዶች አራቱ ያህል አይመርጡም ነበር፤ ከደባል ቤት ደባል ቤት የሚዞር ድሃ በቀላሉ ከመዝገብ ይቀራል።

እንግዲህ ሴት ትምረጥ ወይ ተብሎ ወንዶች ብቻ ተጠየቁ። ከወንዶቹም የሚበዙት እምቢ አሉ። የመሬት ክርክር ተነስቶ ዳኛው አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ቢፈርድ፣ ይግባኝ የማይል ማን አለ? ተንታኙ ግን ይህንኑ ነው የሕዝብ ፍርድ የሚለን። የብሌር ደጋፊዎች «የቀሚስ መንግሥት አንፈልግም» እያሉ ነበር የሚቀሰቅሱት። ቀሚስ የለበሰችው የምትመልስበት ሳጥን ግን አልነበረም።

የቦው ሴቶችን ደግሞ እንወቃቸው። የብራያንት ኤንድ ሜይ የክብሪት ፋብሪካ እዚያው ቦው ውስጥ ነበር። በ1888 ወደ 1,400 የሚጠጉ ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቁመው የወጡት ከዚህ ፋብሪካ ነው። ክብሪቱ የሚሠራበት ነጭ ፎስፈረስ የሠራተኞቹን መንጋጋ ይበላ ነበር። ከትንሿ ደመወዛቸው ላይ ቅጣት ይቆረጥባቸው ነበር። አድማውን አሸነፉ፤ ማኅበርም አቋቋሙ። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረችው በላንስበሪ ምርጫ ጊዜ ወደ አርባ ተጠግታለች። አሠሪዋን አሸንፋለች፤ የሰፈሯን ተወካይ ግን መምረጥ አትችልም። እሷን ያልጠየቀ ምርጫ ስለ እሷ መብት ምን ሊነግረን ይችላል? ምንም።

እነዚህ ሴቶች የጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝን ደጅ አልፈው ለመግባት እስከ ጁን 1914 መጠበቅ ነበረባቸው። ለዚያውም የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይዋ ሲልቪያ ፓንክረስት ከእስር በረሃብ ደክማ ወጥታ ፓርላማው በር ላይ ከተኛች በኋላ ነው። የምሥራቅ ለንደን ሴቶች ስድስት ሆነው ገቡ። አንዷ ብሩሽ ሠሪ ነበረች፤ በእጇ የሠራችውን ብሩሽ አውጥታ አሳየችው። ቤቷን የምታስተዳድረው በዚያ ሥራ ነው። ስለ ቦው መስማት የሚፈልግ ሰው እሷን መስማት ነበረበት።

ሽንፈቱ ራሱም ቢሆን ተንታኙ እንዳለው አይደለም። ላንስበሪ የራሱ ፓርቲ የሌበር (የሠራተኛው ፓርቲ) የፓርላማ አባላት ሴቶች መብታቸውን እስኪያገኙ ድረስ የመንግሥትን ረቂቅ ሁሉ እንዲቃወሙ ጠየቀ። ፓርቲው እምቢ አለ፤ በምርጫውም ከጎኑ አልቆመም። በምርጫው ቀን ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገለው ማኅበር መኪኖች ነበሩት። የሌበር ሰዎች ደግሞ የመራጮች ዝርዝር ነበራቸው። አንዱ ለሌላው አልሰጥም አለ። የአካባቢው ወዛደር ከሥራ ወጥቶ የሚመርጥበት ሰዓት ሲያልፍ መኪኖቹ ቆመው ቀሩ። ይህ የአደረጃጀት ውድቀት ነው።

ሞኝ የተባለው ሰው ለምን እንደወጣም ይነገር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ፣ ለመምረጥ መብት ሲታገሉ ታስረው የረሃብ አድማ የመቱ ሴቶች በአፍንጫና በአፋቸው ቱቦ እየተከተተ በግድ ይመገቡ ነበር። ላንስበሪ በምክር ቤቱ መሐል አልፎ አስኩዊዝ ፊት ቆመ። ጡጫውን እያወዛወዘ፣ ንጹሐን ሴቶችን ያሰቃየ ሰው ተብለህ በታሪክ ትቀራለህ አለው። አፈ ጉባኤው አስወጣው። ይህን የተናገረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ወንበሩን ቢለቅ ምኑ ያስገርማል?

በ1918 ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆኑ ብዙ ሴቶች መምረጥ ሲጀምሩም ተሸንፏል የሚል ይኖራል። አዎ፣ ተሸንፏል። ያ የጦርነት ማግስት ምርጫ ግን ሌሎቹን የሌበር መሪዎች ማክዶናልድንና ሄንደርሰንንም ጠራርጎ ወስዷል። በ1922 ቦው ላንስበሪን መልሳ መረጠችው። ከዚያ ወዲያ በ1940 እስኪሞት ድረስ ወንበሩ የሱ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከሱ ጋር ቅሬታ አለን፤ እሱን አልደብቅም። በ1935 ሙሶሊኒ ሲመጣብን ላንስበሪ የሌበር መሪ ነበር። ጦርነት ያመጣል ብሎ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ መጣሉን ተቃወመ፤ በዚሁ ምክንያት መሪነቱን ለቀቀ። በዚህ ነገር ልክ የነበረችው ሲልቪያ ናት። በ1912 ቦው መንገድ ላይ መሰላል ወጥታ ከአንድ ሱቅ በር በላይ የሴቶችን የድምፅ ጥያቄ በወርቅ ቀለም የጻፈችው፣ ዛሬ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ያረፈችው ሲልቪያ። ይህ ግን የቦውን ምርጫ ነገር አይለውጠውም።

ፖለቲከኛ ወንበሩን ይጠብቅ የሚለው ምክር ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ። የላንስበሪ የሌበር ባልደረቦች፣ አርባ ያህል ሰዎች፣ ወንበራቸውን ጠብቀዋል። በ1913 መንግሥት በረሃብ የደከመችን እስረኛ ፈትቶ፣ ስታገግም መልሶ የሚያስርበትን ሕግ ሲያመጣ እዚያው ነበሩ። ሕጉ ግን አለፈ። ሴቶቹም እየተፈቱ ይታሰሩ ጀመር። ተንታኙ ይህን ይመልስልኝ፤ የተጠበቀው ወንበር ምን ፈየደላቸው?