ይድረስ ለክቡር የእውቅና ሰርተፍኬት

ቁጥር፦ የለውም
ጉዳዩ፦ የያዙትን ግድግዳ እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? መስታወትዎ አልተሰነጠቀም? ፍሬምዎስ ደህና ነው? እኛ ሸማኔዎቹ እዚህ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ እግራችንን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከተን መወርወሪያ እያመላለስን አለን። በዚህ ቤት ሥራ የሌለዎት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ደብዳቤያችንን ለማንበብ ጊዜ አያጡም ብለን እናምናለን።

አመጣጥዎን አንረሳውም። ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሲቃረብ ዓመቱን በሱፍና በክራቫት የከረመው ሹም ሁሉ የአገር ልብስ ያምረዋል፤ በዚያው ሰሞን እኛም «ባለሙያዎች» ተብለን ተጠራን። አዳራሹ ሞላ፣ ንግግሩ ረዘመ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተባለ፣ ተጨበጨበ። ድሩ ዘንድሮ ስንት ገባ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አንበሳውም በሰላም ወደ ቤቱ ገባ።

እርስዎን ያስረከቡኝ ኃላፊ ባለ ጥለት ሸሚዝ ለብሰው ነበር። የሸማኔ ነገር፣ እጅ ሲጨብጥ ዓይኑ የሚያርፈው እጅጌው ላይ ነው። ጫፉ ገለበጥ ሲል አየሁት፤ ውስጡ ነጭ። ፕሪንት! በእጅ የተሠራ ጥበብ ጀርባውም ላይ ክሩ ይታያል፤ የታተመው ግን ፊቱ አበባ፣ ጀርባው ባዶ ነው። ልክ እንደ እርስዎ፣ ክቡርነትዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎንም ገልብጬ አይቼዎታለሁ።

እስቲ ስለ ጽሑፍዎ እንነጋገር። «ከአባቶች የወረደውን ጥበብ ጠብቀው ለትውልድ በማስተላለፍዎ» ይላሉ። እግዜር ይስጥልን። ችግሩ ሕጉ ከእርስዎ ጋር አለመነጋገሩ ነው። የ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 123 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ የሚሰጠው ንድፉ አዲስ ሲሆን ነው። የጨንቻና የዶርዜ ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው ጥለት ደግሞ ከየት መጥቶ አዲስ ይሆናል? እናም ጥለታችን አሮጌ በመሆኑ ይሸለማል፣ አሮጌ በመሆኑ ይገለበጣል። ማሽን ያለው ነጋዴ በስልኩ ፎቶ ያነሳና እኔ ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ የተቀመጥኩበትን ጥለት ጥቅል በጥቅል አትሞ ያወርደዋል። ከዚያ ደንበኛዬ ትመጣና «ማዶ እኮ በግማሽ ዋጋ አለ» ትለኛለች። ያን ጊዜ ዞር ብዬ እርስዎን አያለሁ፤ ትንፍሽ አይሉም።

እውቅና ሲሰጠን እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያለ የሚሳደብ ሰው እንዲታሰር ደንግገው ነበር። ያኛው እውቅና እስር ቤት ነበረው፤ እርስዎ ያለዎት ማኅተም ነው። ዛሬ ፊት ለፊት ቁጢት በጣሽ የሚለን ጥቂት ነው፤ «ቅርሶቻችን እኮ ናችሁ» እያለ ዋጋ የሚቆርጥብን ግን ብዙ ነው። (ከሁለቱ የቱ ይሻላል ቢሉኝ፣ ተሳዳቢው ቢያንስ ቅናሽ አይጠይቅም ነበር።)

ለክር መግዣ ልበደር ብዬ ብብቴ ሥር ይዤዎት የወጣሁበትን ቀን ያስታውሳሉ? የአበዳሪው ድርጅት ሠራተኛ «መያዣ አለህ?» ስትለኝ እርስዎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበበችዎትና «እንኳን ደስ አለህ!» ብላ መልሳ ሰጠችኝ። ቀጣዩ ተራ ደረሰ።

ባለቤቴ ደግሞ ስሟን ፈልጋ አጣችው። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ እንዝርቱን የምታሾረው እሷ፣ ልቃቂቱን የምትጠቀልለው እሷ፣ ሌሊት ተቀምጣ የምትሠራው እሷ። እርስዎ ላይ ያለው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ፊደል ጎድሎታል። እሷ ቂም አልያዘችም። አቧራዎን የምትወለውልልዎት እሷ ናት።

ያም ሆኖ እንችልዎት ነበር። አሁን ግን አከራያችን መጥተው «ጉድጓዱን ቆፈራችሁ፣ ዝም አልኩ፤ ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ሚስማር?» ብለው ተቆጡ። «መንግሥት ያወቀው ሰው ሆነሃል» ብለውም ኪራይ ሊጨምሩብኝ አስበዋል። እርስዎ ያመጡልን ጭማሪ ይህ ብቻ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ ጀምሮ ወርደው ሳጥን ውስጥ እንዲገቡ እንጠይቃለን። ወንድሞችዎ በሚቀጥለው ኅዳር የሚመጡ ከሆነ፣ ወረቀቱ ይቅርና በፋብሪካ ዋጋ ክር፣ ለጉድጓዳችንም ኪራይ የማይጨምርበት ሼድ ይዘው ይምጡ።

ፍሬምዎን ግን አንሰጥም፣ ጥሩ እንጨት ነው። ልጄ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይፈተናል፤ ካለፈ የእሱን ሰርተፍኬት አስገባበታለሁ። ሽመና አልማርም ብሏል።

ከሰላምታ ጋር
ተሸላሚው ሸማኔ

ግልባጭ፦
ለአከራያችን