ይድረስ በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ለተሸሸጉት ክብርት ሚሞሪ ካርድ

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃድዎ እንዲወጡ ስለመጠየቅ

ለክብርት ሚሞሪ ካርድ
ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ሐሳብ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ማርቆስ ብርድ እንደሚያውቁት ነው፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ማታ ማታ ጋቢ ያስደርባል። እርስዎ ያሉበት ቤት ግን ከሥር የሚሞቅ ስለሆነ ይህን ብነግርዎም አይሰማዎት።

ከገቡ ወዲህ ቤተሰቡ እንቅልፍ የለውም። የያዙት እኮ የእኅቴን ሠርግ ነው! ጾም ሳይገባ ይድረስ ተብሎ በጥር ጥድፊያ የተደገሰው፣ ከቢቸናም ከደጀንም ዘመድ የተጠራበት፣ አጎቴ «ጉልበቴን ያመኛል» ማለቱን ረስቶ እስክስታ የወረደበት ሠርግ፣ ከዳሱ እስከ መልሱ ተጠቅልሎ ከእርስዎ ጋር ገብቷል። እናቴ ደግሞ እርስዎን የምትፈልገው ለሙሽሮቹ ብላ እንዳይመስልዎ። ማን መጥቶ ማን እንደቀረ በዓይኗ አይታ ቂሟን ማደላደል ትፈልጋለች። አሁን በጥርጣሬ ብቻ የተኮረፉ ዘመዶች አሉ፤ የእነሱም ዕዳ በእርስዎ አንገት ነው።

ያስገባዎት ሚዜው ነው። ቪዲዮውን በስልኩ ሲቀርጽ የዋለውም እሱ፣ ወደ ላፕቶፑ ልገልብጠው ያለውም እሱ። አዳፕተር የለህም ወይ ሲባል፣ «ምን ያደርጋል? ቀዳዳው እንደሆነ ሰፊ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ሰፊ ነው። ቀዳዳው የተሠራው ለታላቅ እኅትዎ ለኤስዲ ካርድ ነው፤ እሷ ቁመቷ 32 ሚሊሜትር፣ ወርዷ 24፣ ውፍረቷ 2.1 የሆነ የደረሰች እመቤት ናት። እርስዎ ቢያቆሙዎት 15፣ ቢያጋድሙዎት 11፣ ውፍረትዎ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ብቻ። ከመሰልዎ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ ብትገቡ እንኳ ቦታ ይተርፋችኋል። አዳፕተር የሚባለው የፕላስቲክ ካባ የተሰፋልዎ ለዚሁ ነበር። ካባውን ደርበው ቢገቡ ኖሮ በክብር ተቀምጠው፣ ጫን ሲያደርጉዎትም ብቅ ብለው ይወጡ ነበር። ራቁትዎን ገቡ፣ ራቁትዎን ቀሩ።

የትውልድ ሐረግዎንም አጣርቻለሁ። እኅትዎ በ1999 እ.ኤ.አ. ከሳንዲስክ፣ ከፓናሶኒክና ከቶሺባ ቤት ተወለደች። እርስዎ በ2004 ትራንስፍላሽ ተብለው መጡ፤ በዓመቱ ስምዎን አስለውጠው ማይክሮ ኤስዲ ሆኑ። ስም መለወጥ ነውር የለውም፤ የእኛም ከተማ ድሮ መንቆረር ነበረች። ከተማችን ግን ስሟ ቢለወጥም ካለችበት አልተነቃነቀችም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ከእርስዎ ይልቅ ያንገበገበኝ ያ ቀዳዳ ነው። ሲቀበል አቤት ፍጥነቱ! የገባውን አይመዘግብ፣ ደረሰኝ አይሰጥ፣ ሲጠየቅ «እኔ ዘንድ የመጣ ነገር የለም»። ላፕቶፑም ይመሰክርለታል። ብንዘጋው ብንከፍተው የእርስዎ ስም የትም የለም፤ ጭራሽ በሆዱ ተሸክሞዎት እያለ ካርድ አስገቡ ይለናል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ማመልከቻ ውጦ ዝም የሚል መስኮት በየመሥሪያ ቤቱ ስለማውቅ በጠባዩ አልደነገጥኩም። የገረመኝ ይህን ጠባይ ፋብሪካ ውስጥ በሚሊሜትር ለክተው መሥራታቸው ነው። ደግሞ እኮ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ያስገባው ሰው ነው! «አስተውለህ አታስገባም ነበር?» ይሉታል ሚዜውን። ቀዳዳውን ግን «አስተውለህ አትቀበልም ነበር?» ያለው እስካሁን የለም።

ምክርማ ሞልቶ ነበር። ቡና ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ባንዴ ኢንጂነር ሆነ። አጎቴ ላፕቶፑን ገልብጦ ሊያራግፈው ሲል እጁን ያዝነው። አጥፍቶ፣ ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙሮ ቀስ ብሎ ማዘንበል ያባት ነው፤ በኃይል ማራገፍ ግን እርስዎን ከደጃፍ ወደ ጓዳ ያስገባዎታል። ጎረቤት ማግኔት ይዞ መጣ። እርስዎ አብዛኛው አካልዎ ፕላስቲክ ነው፤ ማግኔት ቢጠራዎት አይሰሙም። እናቴ «ሠርጉን ሊያጠፋው ነው!» ብላ መጮኋ እንኳ በከንቱ ነበር፤ ሥዕሉን የያዙት በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነውና የጎረቤታችን ማግኔት ምንም አያመጣብዎትም። አክስቴ «ጠበል ይረጭበት» ስትል ላፕቶፑን አቅፌ ጓዳ ገባሁ።

አያቴ ወረንጦውን አወጣ። ከአንገቱ የማይለይ፣ ስንት የግራር እሾኽ ከስንት ተረከዝ የነቀለ ወረንጦ ነው። እርስዎ እሾኽ ነዎት፣ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ባትሪው ካልተነቀለ ማዘርቦርድ በሚባለው የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ ላይ ብረት ቢንሸራተት፣ ሠርጉን ፍለጋ ወጥተን ላፕቶፑን ቀብረን ልንመለስ ነው። በመጨረሻ የተፋቀ የሞባይል ካርድ ጫፍ ላይ በሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በስልክ መብራት ተሞከረ። ጠርዝዎ ታየ። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ፕላስተሩ ነካ ሲያደርግዎ ግን አፈገፈጉ እንጂ አልመጡም። እንዲህ ያለ ኩራት ከአንድ ጥፍር ከማያህል አካል ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኔታ ዝም ብለው ያያሉ። ቅኔ የተማሩት ዋሸራ ነው፤ ከሰም ውስጥ ወርቅ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «ኧረ ለመሆኑ ወርቅ አለባት?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አለባት የኔታ፣ ጥርሶቿ ወርቅ ቅብ ናቸው» አልኳቸው። ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፦

ሆደ ሰፊ መስሎን አደራ ብንሰጠው፣
ሙሽሮችን ከሚዜ እንደ ጉርሻ ዋጠው።

አሉና ስኒያቸውን አነሡ። ከቀረበው መላ ሁሉ ጉዳት የማያስከትለው ይኼ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ይወሰድ ያለም አልጠፋ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት! ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር እርስዎም ከጥግ ጥግ እየተንሸራተቱ፣ ስንደርስ ምናልባት ከማቀዝቀዣው ፋን ሥር ተገኝተው ይሆናል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ ላፕቶፑ ደግሞ እርስዎን ይዞ አገር ሊዞር። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ወደቀ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይወቁ። ነገ ጠዋት እዚሁ ከተማችን ካለ ጥገና ቤት እንገኛለን። ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል። የታች ብሎኖቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ ከጎማ እግሮቹ ሥር የተደበቁም ካሉ እየተላጡ ይወጣሉ። ቁመታቸው አንድ ስላልሆነ እያንዳንዱ በነበረበት ቦታ ልክ ወረቀት ላይ ይደረደራል፤ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ አስገብቶ ማጥበቅ ሌላ የሐዘን ደብዳቤ ያስጽፋልና። ክዳኑ እንደተነሣ መጀመሪያ ባትሪው ከማዘርቦርዱ ይላቀቃል። ቀጥሎ የእርስዎ ተራ ነው። ዲቪዲ ማጫወቻ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ገብተው ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ አንዲት ብሎን ፈትቶ ማጫወቻውን መሳብ ይበቃ ነበር። እርስዎ ግን ቀጭኑንና ዘመናዊውን መረጡ፤ እንግዲህ ክብርዎም ወጪዎም በዚያው ልክ ነው።

እስከዚያው ላፕቶፑ አይበራም። ለእርስዎ አዝነን አይደለም። እነዚያ ወርቅ ቅብ ጥርሶችዎ ማዘርቦርዱ ላይ የማይነካ ነገር ነክሰው እንዳይገኙ ነው፤ ፋኑም ሲዞር ቢያገኝዎ አይምርዎትም።

ከወጡ በኋላ ስለሚጠብቅዎ ኑሮ አሁኑኑ እናሳውቅዎ። ሠርጉ ወዲያው ሁለት ቦታ ይገለበጣል። ያኔ እርስዎን የሚለምን ስለማይኖር ካባዎን ደርበው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሚዜው «ዘፈን ይሞላባትና ለባጃጅ ትሰጥ» ያለውን ሐሳብም ገና አልጣልነውም፤ እንደ አወጣጥዎ እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀዳዳው፦ ይደርሰዋል ብለን ሳይሆን ለሥርዓቱ ያህል።
ለሚዜው፦ ነገ ጠዋት አዳፕተር ገዝቶ እንዲቀርብ፤ የጥገናውንም ግማሽ ይዞ።
ለእናቴ፦ ማስረጃው እስኪወጣ ድረስ ኩርፊያው ባለበት እንዲቆይ።