መጀመሪያ ከሥሩ ግቡ

ያገለገለ ፎር ባይ ፎር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያደርገው ኮፈን አስከፍቶ ሞተር ማስነሳት ነው። ድምፁ ካማረ ልቡ ይረጋጋል፤ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። እኔ ግን ሞተሩ ይቆይ ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሻንሲው፣ ማለትም ቦዲውንና ሞተሩን የሚሸከመው ከሥር ያለው የብረት አጽም ነው።

ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም በሌላ ይቀየራል። ውድ ነው፤ ቢሆንም መካኒክ ወጪውን ከሞላ ጎደል ቀድሞ ሊነግራችሁ ይችላል። ዝገት የበላው ሻንሲ እንዲህ አይደለም። አንዱን ቀዳዳ ሲበይዱት ጎኑ ያለው ብረትም ሳስቶ ይገኛል። የድሮውን ላንድሮቨር ዲፌንደር ውሰዱ። ቦዲው በአብዛኛው አልሙኒየም ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሻንሲው ግን ብረት ነው። በተለይ የኋላው አግዳሚ ጭቃ እየያዘ ይበሰብሳል። ሻንሲ ይቀየር ከተባለ ደግሞ ቦዲው፣ ሞተሩና ካምቢዮው ሁሉ ይነሳሉ። ያን ሁሉ የእጅ ዋጋ አስቡት።

ስለዚህ ከሥሩ ግቡ። በካቻቪቴ እጀታ ብረቱን መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊቱም ይረግፋል። ሰሞኑን ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካያችሁ በደንብ ጠርጥሩ።

እዚያው እያላችሁ የዲፈረንሻሉን፣ ማለትም ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ዘይት አስፈትሹ። ወተት የቀላቀለ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሲነዳ የዋለ መኪና ወንዝ ውስጥ ሲገባ የጋለው ዲፈረንሻል በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውኃ ይስባል። ዘይቱ ቶሎ ከተቀየረ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከቆየ ግን ኩሽኔታና ጥርሶቹ ይዝጋሉ፤ ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጎማዎቹንም እዩ። የፊትና የኋላው መጠን የተለያየ ሆኖ አራቱም ጎማ ሲነዳ ከቆየ፣ ጫናውን የሚሸከሙት ጥርሶቹ ናቸው።

ፎር ዊሉ መሥራቱን ሳታዩ አትክፈሉ። ሙከራው ግን ኮረኮንች ወይም አፈር ላይ ይሁን። የመሃል ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) የሌለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ገብቶ ሲታጠፍ ይታነቃል፤ ደህናውን ዕቃ ራሳችሁ ትጎዱታላችሁ።

ጥገና ሲተመን የዕቃውን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። የፍሪሲዮን ሸራ ለብቻው ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። እሱን ለማግኘት ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት። የታይሚንግ ቺንጋው (የፒስተኑንና የቫልቩን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ከዋጋው ላይ ቀንሱ። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ።

በተቃራኒው የተቀደደ ወንበር፣ የተጫጫረ በር፣ የደበዘዘ ቀለም ያለው መኪና ገዢ ያባርራል። እኔ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ቀስ እያለ ይሠራል፤ እስከዚያም መኪናው መንገድ ላይ አያስቀርም። በሻንሲው ደህና ሆኖ በመልኩ የተጎሳቆለውን፣ ከሚያብለጨልጨው አስቀድሜ እገዛዋለሁ።

ሻጩ መኪናው ተነስቶ ከሥር እንዲታይ ካልፈቀደ ሌላ ፈልጉ።