ቀይ መብራት ፊልም አያድንም

«ከትልቁ ጥቅልል ፊልም ወደ ካሜራ ፊልም ካሴት ለመሙላት የጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት ይበቃል» ያልከው ልክ አይደለም፣ ወንድሜ። ቀይ መብራት የማይጎዳው የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀትን ነው። የዛሬ ፊልም ግን አብዛኛው ፓንክሮማቲክ ነው፤ ቀዩንም ያያል።

30.5 ሜትሩን ጥቅልል ብርሃን የማያስገባው የካሴት መሙያ ሳጥን ውስጥ ስትከት ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል። የስልክ ስክሪን እንኳ አይፈቀድም። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ካሴቶቹን በብርሃን መሙላት ትችላለህ። እዚህም አንድ ጣጣ አለ፦ ከካሴቱ ዘንግ ጋር በፕላስተር የምታጣብቀው ጫፍ ብርሃን ስለሚያገኘው ይቃጠላል። ካሜራ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ፎቶ የሚያርፈው እዚያው ነው። የካሜራው ቆጣሪ 36 ካለ በኋላ «አንድ ልጨምር» አትበል። እኔ ብዬ የሰርግ ፎቶ ነጋቲቭ ግማሹ ጠቁሮ ወጥቶልኛል።