የማይፈጨው ወፍጮ

ወፍጮ ሲባል እኔ የሚታየኝ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ነው። የሞተሩ ጩኸት፣ ተራ የሚጠብቅ ጆንያ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ፈጪ። ስለዚህ አምስተርዳም የሚኖረው አብሮ አደጌ «ነገ የነፋስ ወፍጮ ላሳይህ» ሲለኝ ዱቄት የማየው መስሎኝ ነበር።

ዛንሰ ስካንስ ከአምስተርዳም በባቡር ቅርብ ነው። ዛን ወንዝ ዳር ወፍጮዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ስለሚጎበኘው ግፊያው የገና ገበያ ነው የሚመስለው። ሰዉ ፎቶ ይነሳል፣ አይብ ይቀምሳል፣ ይሄዳል። እኛ ግን «ዮንገ ስካፕ» ወደምትባለው ገባን። ትርጉሙ «ወጣት በግ» ነው። ምንም አትፈጭም። ሥራዋ ግንድ መሰንጠቅ ነው።

አብሮ አደጌ በሩ ላይ ቆሞ «ይቺ እንኳን ፎርጅድ ናት» አለኝ። «በ2007 ነው የሠሯት።» ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «ፎርጅድ» ናት።

ዓመቱን አልተሳሳተም (እኔም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የመጀመሪያዋ ዮንገ ስካፕ በ1680 ተሠርታ በ1942 ፈርሳለች። ከመፍረሷ በፊት ግን አንቶን ሲፕማን የሚባል ሰው ልኳን ወስዶ፣ በዝርዝር ንድፍ አስቀርቷት ነበር። ዓለም በጦርነት እየነደደች አንድ ሰው የወፍጮ ምሰሶ ሲለካ አስቡት። ጎረቤቶቹ ጤንነቱን ሳይጠራጠሩት አልቀሩም። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ያ ወረቀት ተዘረጋና እንደገና ተገነባች።

ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው። እርጥብ እንጨትና ቅባት። ከዚያ ወለሉ እግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። ላይ ክንፎቹ ይዞራሉ፣ የእንጨት ጥርስ የእንጨት ጥርስ ይነክሳል፣ ዙረቱ ክራንክ ሻፍት ላይ ሲደርስ ወደ ላይና ታች ይቀየራል። መካኒኮቻችን ከመኪና ሞተር የሚያውቁት ያው ክራንክ ሻፍት ነው፣ እዚህ ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። መጋዞቹ በትልቅ ፍሬም ላይ ጎን ለጎን ተወጥረዋል። ሲወርዱ ይቆርጣሉ፣ ሲወጡ ግንዱ ራሱ ትንሽ ወደፊት ይገፋላቸዋል። ማንም አይነካውም። ግንዱን ከውኃ ጎትቶ የሚያወጣውም ያው ነፋስ ነው። በአንድ ጫፍ የገባው ግንድ በሌላው ጫፍ ጣውላ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ዘዴ ያመጣው ኮርኔሊስ ኮርኔሊስዞን የተባለ የዚያው አካባቢ ሰው ነው። በ1593 ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ወስዶበታል። (ሆላንድና ፓተንት ሲነሳ የኛ ሰው ጤፍን ያስታውሳል። ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የተሰጠው የጤፍ ዱቄት ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ እስኪሆን ድረስ ስንቱን አንጀት አሳርሯል። የመጋዙ ግን ሐቅ ነው፤ ሰውየው የራሱን ነው ያስመዘገበው።) ከዚያ በፊት ግንድ የሚሰነጠቀው አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆኖ፣ በእጅ፣ ቀኑን ሙሉ እየተጎተተ ነበር። የአምስተርዳም እንጨት ሰንጣቂዎች እንጀራችን ሊዘጋ ነው ብለው ወፍጮውን ተቃወሙ። ሥራው ወደ ዛን ሄደ፤ ዛንም በመርከብ ግንባታ ገነነ። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ በ1697 ሙያውን ሊማር የመጣው እዚህ ነው።

እና ይቺ ናት ፎርጅድ የምትባለው? ፎርጅድ ማለት የማይሠራ ነገር የሚሠራ መስሎ ሲሸጥልህ ነው። የ300 ዓመት ወፍጮ ክንፉ ታስሮ፣ ውስጡ ቲሸርት መሸጫ ቢሆን እኔ እሱን ነው ፎርጅድ የምለው። ዮንገ ስካፕ ዕድሜዋ ትንሽ ቢሆንም ትሰነጥቃለች፤ ጣውላዋም ይሸጣል።

ዩኔስኮም ይህ የገባው ይመስለኛል። በ1997 ኪንደርዳይክ የሚባለውን የሆላንድ መንደር 19 ወፍጮዎች በቅርስነት መዘገበ፤ እሺ፣ ሕንፃ ነው። በ2017 ግን የመዘገበው ወፍጮ የማንቀሳቀስን ሙያ ራሱን ነው። ሆላንድ ውስጥ ይህን ሙያ በአብዛኛው የያዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማኅበራቸው ከ1972 ጀምሮ አለ፤ ተምረው፣ ተፈትነው ነው ክንፍ የሚነኩት። ክንፎቹ ቋንቋም አላቸው። አንደኛው ክንፍ ሲዞር የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደስታ ነው፤ ከፍታውን ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን። በ2014 የማሌዥያው አውሮፕላን ዩክሬን ላይ ተመትቶ ብዙ ሆላንዳውያን ሲያልቁ፣ በአገሪቱ ዙሪያ ወፍጮዎች ሐዘን ላይ ቆመው ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ክንፉ የትም ቢቆም ያው እንጨት ነው።

ይህን ሁሉ ለአብሮ አደጌ ስደሰኩር ወለሉ መንቀጥቀጡን ተወ። ነፋሱ ወድቋል። መጋዞቹ ግንዱ መሀል ተሰክተው ቀሩ። ባለሙያው አልደነገጠም፤ ፍሬኑን ያዘ፣ እጁን ጠራረገ፣ ከቦርሳው ዳቦ አወጣ። አብሮ አደጌ «መቼ ነው የሚቀጥለው?» አለው። ሰውየው በመስኮት ደመናውን አየት አደረገና ዳቦውን ገመጠ።