ለክቡር አፕዴት፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ መምጣትዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን እንኳ አይጠይቁኝም። መጠየቅ ጠባይዎ አይደለም፤ እርስዎ የሚያውቁት ማሳወቅ ነው። ትናንት እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በስክሪኔ ቀኝ ጥግ ብቅ ብለው «ኮምፒውተርዎ በቅርቡ ሪስታርት ይደረጋል» ሲሉ፣ እኔ 214ኛው ዙር ላይ ነበርኩ።

214ኛው ዙር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳዎት። ስትራቴጂ ጌም እንደ ተኩስ ጌም ጣቱ የፈጠነ የሚያሸንፍበት አይደለም። ቁጭ ተብሎ፣ ታስቦ፣ ተቆጥሮ ነው። አንዲት መንደር ይዤ ተነስቼ፣ ወንዝ ዳር ከተማ ቆርቁሬ፣ ጽሕፈት ፈልስፌ፣ መርከብ ሠርቼ፣ ከሰሜኑ ጎረቤቴ ጋር ሦስቴ ታርቄ አራቴ ተጣልቼ፣ በመጨረሻ መድፎቼን አንድ በአንድ ኮረብታው ላይ አውጥቼ ዋና ከተማውን ከበብኩ። ሊወድቅ አንድ ዙር ቀርቶት ነበር። አንድ! ጉሮሮዬ ደርቆ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ፣ በዚያው ስልክ ይዞኝ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ኮረብታም የለም፣ መድፍም የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ክብ ሠርተው የሚዞሩ ነጠብጣቦች፣ ከሥራቸው «በማዘመን ላይ፤ 30 ፐርሰንት። እባክዎ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ።

አያጥፉ! ማን አጠፋውና ነው!

እርግጥ ጌሙ በየጊዜው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። በየ10 ዙሩ ብቻ እንዲያደርግ የነገርኩት ግን እኔው ነኝ፤ ዲስኬ እንዳይሞላ ብዬ። ስለዚህ የጠፉብኝ ዙሮች አራት ናቸው። ይህን የምነግርዎ እውነት ስለምወድ እንጂ ጥፋትዎን ለማቅለል አይደለም። መድፎቹ ኮረብታው ላይ የወጡት በነዚያ አራት ዙሮች ነው።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም። ተረቱን የተረተው ሰው ግን እርስዎን በሕልሙ ሳያይ አልቀረም።

እንዲያውም አንቱታውን እዚህ ላይ ላብቃው። እኩለ ሌሊት በመስኮት ለገባ ሰው አንቱ አይባልም።

ስማኝ አፕዴት። መጀመሪያ ስለዚያ ፐርሰንትህ እናውራ። 30 ላይ 20 ደቂቃ ትቆማለህ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ 74 ትገባለህ። ደስ ብሎኝ ወንበሬን ስስብ 100 ትልና፣ ሪስታርት ታደርግና፣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቁጥር የሚቆጥረው ሰዓት አይደለም፣ የሥራ እርከን ነው። አንዱ እርከን ጥቂት ፋይል መገልበጥ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን መፍታት፣ ከድሮዎቹ ጋር ማመሳከር፣ ከዚያ መተካት ነው። አንተ ግን ሁለቱንም እንደ እኩል ትቆጥራለህ። ይሁን። ግን «ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል» የሚለውን ለምን ትጽፋለህ? ስንት እንደሚፈጅ ካላወቅክ ዝም አትልም? ዝም ባለ አፕዴት እኮ ማንም አይቀየምም።

አሁን ደግሞ ላንተም ልፍረድ፤ ሽሙጥም ቢሆን ዳኝነት ያስፈልገዋል። የምትመጣበትን ምክንያት አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለዊንዶውስ አንድ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን ፓች፣ ማለትም መጠገኛ፣ ወጣ። ብዙ ሰው «ቆይተህ አስታውሰኝ» የሚለውን ተጫነ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት ላይ፣ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ የሰዉን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍትም ድጋፉን ከሦስት ዓመት በፊት ላቆመለት ለ2001ዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ፓች ለማውጣት ተገደደ። ጡረታ የወጣን ሽማግሌ ለክትባት መጥራት በለው። ስለዚህ ዘመዶቼ «ይህን ነገር ልጫነው ወይስ ልተወው?» ብለው ሲደውሉልኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጫኑት»። በየቤቱ ጠበቃህ እኔ ነኝ። ውለታዬን ግን ይኸው እንዴት እንደከፈልከኝ።

ደግሞ አዳኝ ብቻ ነኝ እንዳትል። በጥቅምት 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነድ ሲያጠፋ ተገኝቶ፣ በቀናት ውስጥ እንዲቆም ተደረገ። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን በሰማያዊው የብልሽት ስክሪን ላይ አስቀርቶ አውሮፕላን ሳይቀር መሬት ላይ አስቁሟል። ያውም ያ ሶፍትዌር የተጫነው ጥቃት እንዲከላከል ነው! ዘበኛው ራሱ በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው። እና «አፕዴት አድርግ» እና «ትንሽ ጠብቅ» የሚሉት ሁለቱም ምክሮች ልክ ናቸው። ሰው የቱን ይስማ?

እዚህ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የሚጠቀመው ወዳጄ ጣልቃ ይገባል። ምን ስናወራ ጣልቃ አይገባም! «የኔ ሳይጠይቀኝ ሪስታርት አያደርግም» ይላል። እውነቱን ነው። ዊንዶውስ ላይ በሥራ ላይ ያለን ፋይል መተካት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ሪስታርት የሚበዛው። ሊኑክስ ላይ ግን አዲሱ ፋይል የድሮውን ቦታ ይይዛል፤ ድሮ የተከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋ ድረስ በአሮጌው ይቀጥላል። ብልህ አሠራር ነው። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሲቀየር ግን ብዙውን ጊዜ እሱም ሪስታርት ይፈልጋል። ወዳጄ ይህቺን ሁልጊዜ ይዘላታል። ባለፈው ከአፕዴት በኋላ ድምፅ ጠፍቶበት ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ትእዛዝ ሲጽፍ መዋሉንም እንደዚሁ። «ግን ነፃነት አለኝ» አለኝ። ድምፅ የለህም እንጂ፣ አልኩት።

ወደ አንተ ልመለስ። በጣም የሚያንገበግበኝ ዘመድህ ነው፤ የጌም ፓች። ለ200 ዙር የደከምኩበት ሴቭ አንድ ማለዳ «ይህ ፋይል ከአሁኑ ስሪት ጋር አይሄድም» ብሎ አልከፍት ይለኛል። የጫንኳቸው ሞዶች፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው ለጌሙ የሠሯቸው ተጨማሪዎች፣ በሙሉ ይሰበራሉ፤ ሞዱን የሠራው ሰው ደግሞ ወይ ትዳር ይዟል ወይ ሥራ በዝቶበታል፣ አያድሰውም። ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ አንዳንድ ጌሞች ወደ ድሮው ስሪት እንድመለስ ይፈቅዱልኛል፤ ምርጫው ግን ከጌሙ ባሕርያት ውስጥ ማንም በማይደርስበት ክፍል ተሸጉጧል። ይባስ ብሎ ስድስት ወር ያጠናሁት ስልት «ሚዛን ለመጠበቅ» ተብሎ ይደክማል። ፈረሰኞቼ ትናንት ነብር ነበሩ፣ ዛሬ ፍየል ሆነው አደሩ። የማንን ሚዛን ነው የጠበቃችሁት?

ቼስን ተመልከት። ቼስ የመጨረሻውን ትልቅ ፓች ያገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው፤ ያን ጊዜ ንግሥቲቱ በአንድ እርምጃ ስታዘግም ኖራ ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር መጥረግ ጀመረች። ዛሬ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ያዳክሟት ነበር። ማንም አልነካት። ሰዉ ራሱን አስተካከለ፣ መክፈቻ አጠና፣ ሰው ከሚባል ኮምፒውተር እስከሚባል ድረስ እስከ ዛሬ ይጨነቅባታል። ቼስ ሩቅ ነው ካልክ ስታርክራፍት የሚባለው ስትራቴጂ ጌም አለልህ። በ1998 ወጣ፣ የመጨረሻው የሚዛን ፓች በ2001 መጣ፣ ከዚያ በኋላ የኮሪያ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ለዓመታት በዚያው ሕግ ተፋለሙ። አንዱ ወገን ሲበረታ ካርታ ሠሪዎቹ መንገዱን ያጠባሉ፣ ማዕድኑን ያርቃሉ። ጌሙ ሳይነካ ሜዳው ይቀየራል። ይህ ነው እንግዲህ ማዘመን ማለት! አሁን ግን ጌም ገና ሳይበስል ይወጣና «ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን» ይባላል። ጌም እንደ ካሴት በሚሰካ ካርትሪጅ በሚሸጥበት ዘመን የተሸጠው በተሸጠበት ይቀር ስለነበር ከመሸጡ በፊት ለማስተካከል ይጨነቁ ነበር። ስንፍናን የፈጠርከው አንተ ነህ አልልም። ያዘልካት ግን አንተ ነህ።

ደግሞ ምን እንዳመጣህ ብጠይቅህ መልስህ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «የተለያዩ ችግሮች ተስተካክለዋል፣ ፍጥነትም ተሻሽሏል»። የትኞቹ ችግሮች? የት ነበሩ? እኔ ያየሁት አንድ ችግር አለ፣ እሱ አሁንም አለ። ይልቅ ያልጠየቅኩት ፕሮግራም ከታች ካለው መስመር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ለዓመታት ዓይኔን ጨፍኜ የምጫነው ቁልፍ ወደ ግራ ተዛውሯል። ከቀለሙም የሚወደውን ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ዋናው ክሴ ይኸው ነው። የበሩን ቁልፍ ልታጠብቅ መጥተህ ለምን ሶፋዬን ታዛውራለህ? ጥገናውን ለብቻው ብታመጣልኝ እኮ በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ። አንተ ግን መድኃኒቱንና የግድግዳ ቀለሙን አንድ ላይ አሥረህ ትመጣለህ። ቀለሙን የሸሸ ሰው ከመድኃኒቱም ይሸሻል፣ ከዚያ ዋናክራይ ይመጣል፣ ከዚያ «ለምን አልጫንክም» ተብሎ የሚወቀሰው እሱ ነው።

ያም ሆኖ መቅረትህም ያናድዳል። ለዓመታት ስረግምህ ኖሬ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ ሲባል ደነገጥኩ። አሮጌው ላፕቶፔ ጤነኛ ነው፣ ሩጥ ቢሉት ይሮጣል። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የለውም። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ ተባለ። አንተን፣ ያንተን ያህል ያንገሸገሸኝን፣ ለአንድ ዓመት ይራዘምልኝ ብዬ ስመዘገብ ራሴን ታዘብኩት።

እንግዲህ ውል እንግባ። ሙሉ ስክሪን ላይ ጌም ከፍቼ ካየኸኝ ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ ሥራ አይመስልም፣ ግን ነው። «አዘምንና ዝጋ» የሚለውን ስጫን ዝጋ፤ ዘግተህ መልሰህ አትክፈት፣ ጠዋት ላፕቶፑን ከቦርሳዬ እንደ ጋለ ምድጃ አታስወጣኝ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብህ ካላወቅክ «አላውቅም» በል።

በእኔ በኩል ያለውንም ልናገር። ያ መልእክት ትናንት ድንገት አልመጣም። ለ11 ቀን መጥቶ ነበር። ለ11 ቀን «ቆይተህ አስታውሰኝ» ብዬሃለሁ፤ ስለዚህ «ጥቂት ደቂቃ» ማለትህን ስከስ የእኔን «አንድ ዙር ብቻ» ማንም እንዳያነሳብኝ እየጸለይኩ ነው። ሲቪላይዜሽን የሚባለውን ስትራቴጂ ጌም የተጫወተ ሰው ያውቃታል። ጌሙ ራሱ ያውቃታል፤ አሸንፈህ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እንኳ «አንድ ተጨማሪ ዙር» የሚል ቁልፍ ያቀርብልሃል። የተጫነው ሁሉ የሚነሳው ሲነጋ ነው።

አሁንም ይኸው ብቅ ብለሃል። ሌላ አፕዴት። አይቼሃለሁ። መድፎቹን እንደገና ኮረብታው ላይ እያወጣሁ ነው፣ ሁለቱ ደርሰዋል፣ አንዱ ወንዙን እየተሻገረ ነው። ይህቺን ዙር ልጨርስና እፈቅድልሃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የ214ኛው ዙር ንጉሥ፣ ለጊዜው 213ኛው ላይ

ግልባጭ፦
ለድራይቨር አፕዴት፦ ፕሪንተሩን ምን እንዳደረግከው እንድታስረዳ
ለሊኑክሱ ወዳጄ፦ ድምፁ ሲመለስ እንዲያነበው
ለሰሜኑ ጎረቤቴ ንጉሥ፦ ትናንት ከተማውን ማን እንዳተረፈለት እንዲያውቅ